የአመዱ ንጉሥ እጆች

እህቴ ሚጢጢ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የጽሕፈት ሥራዋ አንድ ስህተት ብቻ ነው የሠራችው። እሱንም ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ያውም አምስት ሴቶች እየሰሙኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ተዋናይ እጄን እያወናጨፍኩ ሳነበው። ስለ እህቴ ከተናገርኩ ስለ ራሴም መናገሬ አይቀርም። ከጥፋቱ ግማሹ የኔ ነውና ሳልደብቅ ላውራው፤ ይውጣልኝ።

የምንሠራው አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። እሷ ከፊት ባለችው ጠባብ ክፍል የደራሲዎችን የእጅ ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ ትተይባለች። እኔ ከኋላ ጥረዛ ክፍል ነኝ፤ የታተመውን ወረቀት አጥፈን፣ በወስፌ በስተን፣ በክር ሰፍተን መጽሐፍ እናደርገዋለን። ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚያጥፉት አምስት ሴቶች ናቸው፤ አለቃቸው እኔ ነኝ፤ ምላሴም ለአለቅነት የተፈጠረ ነው። ከአምስቱ በዕድሜ ትልቋ እማማ ዝምታ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን በቀን ከሦስት ቃል በላይ ካወጡ «ዛሬስ ጉድ ፈላ» እንባባላለን።

ሚጢጢን ሚጢጢ ያልኳት እኔ ነኝ። ስትወለድ የጫማ ሣጥን ይበቃት ነበር፤ ካደገችም በኋላ ብዙ አልጨመረችም። እናታችን ስትሞት እሷ ስድስት ዓመቷ፣ እኔ አሥራ አምስት ነበርኩ። ያሳደገን አባታችን ነው። ፀጉራችንን ያጥባል፣ የተቀደደ ቀሚሳችንን በመርፌ ይጥፋል፣ ስናለቅስ አብሮን ያለቅሳል። አንድ ቀን እጁን አንስቶብን አያውቅም። ሰፈሩ ታዲያ ምን ይለው ነበር? «ሴታ ሴት!» ቧንቧ ላይ ውኃ ሲቀዳ ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው እየተጠቃቀሱ የሚስቁበት። እኔም አብሬ አፍር ነበር። «እህቴን የምድራት ለእውነተኛ ወንድ ነው» ብዬ የማልኩት ያኔ ነው። ምላሴን ይቁረጠው!

በሥራዋ ሚጢጢን የሚያህል የለም። ዓይኗ ደብተሩ ላይ፣ ጣቷ ኪቦርዱ ላይ፣ አፏ ከኔ ጋር ወሬ ላይ። «ዛሬ የተየብሽው ምን ይላል?» ስላት «እኔ ምን አውቄ? አሳልፋለሁ እንጂ አላነብም» ትለኛለች። የፊደል ግድፈት ታርማለች፤ ቃል ግን አትነካም። አንዴ አንድ ደራሲ ሰውየውን ገጽ አርባ ላይ ገድሎት ገጽ ስልሳ ላይ ምሳ አበላው። እሷ ሁለቱንም እንዳለ ተየበችው። ጋሼ፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ሲቆጣት «ሞቶ ምሳ ከበላ እኔ ምን አገባኝ?» አለችው።

ማተሚያ ቤታችን ቆሞ የሚሄደው በአንድ መጽሐፍ ነው፤ በ«የአመዱ ንጉሥ»። የሚጽፉት ሴት ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህርት ስለሆኑ ሁላችንም ቲቸር እንላቸዋለን። በዓመት አንድ ቅጽ ያወጣሉ። ንጉሡ እሳት በሚተፋ ተራራ አናት ላይ ባለ ቤተ መንግሥት የሚኖር፣ ጥቁር ክንፍ ያለው፣ ከተማ በትንፋሹ የሚያነድ ወንድ ነው። አንዲት የወፍጮ ቤት ልጅ ጠልፎ ይወስዳል። ይቆልፍባታል። አንገቷን አንቆ «የኔ ነሽ» ይላታል። ሌላ ወንድ ቀና ብሎ ካያት የወንዱን ዓይን ያወጣል። በየቅጹ መጨረሻ ግን ያ አገር ምድሩ የሚንቀጠቀጥለት ንጉሥ እግሯ ሥር ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። እዚያ ስንደርስ እኛም እናለቅሳለን። እኔማ ያልተሰፋውን ወረቀት ቀሚሴ ውስጥ ሸጉጬ ቤቴ እየወሰድኩ ሦስቴ አራቴ አነበው ነበር። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ ምን አሳፈረኝ? ያንን ክንፋም ወድጄዋለሁ።

በያጁ የመጣው የማተሚያ ቤቱ የብረት በር ከማጠፊያው ሲላቀቅ ነው። ሁለት ሰው የሚሸከመውን በር ብቻውን ከመሬት አንስቶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገው። አይስቅም፤ ቅንድቡ ሁልጊዜ ተቋጥሯል። እማማ ዝምታ እንኳ ቀና ብለው አዩት። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ኧረ ንጉሣችን መጣ! ክንፍ ብቻ ነው የቀረው!» ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሚጢጢ ጫጫታውን ሰምታ ከክፍሏ ብቅ አለች። እሱም አያት። ውኃ ያቀረብኩለት እኔ፣ «እህቴ አላገባችም» ያልኩት እኔ፣ እሺ እስክትል ስጨቀጭቃት የከረምኩት እኔ። አንድ ቀን «እትዬ፣ ዝም ሲል ያስፈራኛል» አለችኝ። «እሱ ፍርሃት አይደለም፣ ፍቅር ነው፤ አታውቂውም እንጂ» አልኳት። አፈር በበላሁ ያን ቀን!

በተጋቡ በአራተኛው ወር ከንፈሯ አብጦ መጣች። «በር መታኝ» አለች። ጥግ ወስጄ አፋጠጥኳት።

«ከጋሼ ጋር ስስቅ አየኝ» አለች። «ግን በኋላ አለቀሰ እትዬ። ተንበርክኮ እግሬን ይዞ አለቀሰ።»

ይህን ስሰማ በያጁ አንጀቴን በላው። የተመታችው እሷ፣ ያሳዘነኝ እሱ! «እሱን የሚያክል ወንድ ካንበረከክሽ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ቃሉን የተዋስኩት ከሁለተኛው ቅጽ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ክንዷን ሰበረው። ከደረጃ ወደቀች ተባለ። አንድ ወር ተኩል በአንድ እጇ ተየበች። በያጁ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳ ይዞላት ይመጣል፤ በማንኪያ ያበላታል፤ ጎንበስ ብሎ የጫማዋን ክር ያስርላታል። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው እያዩ «ታድላ!» ይላሉ። ክንዷን ማን ሰበረው ብላ የጠየቀች አንዲት ሴት የለችም። እኔ መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። እሷ አንድ ጊዜ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ከስሳው ነበር፤ «የባልና የሚስት ነገር ነው፤ ሂጂና ታረቁ» ብለው መለሷት።

እንዲህ እንዲህ እያልን አራተኛው ቅጽ ደረሰ።

እርማት የምናነበው እንዲህ ነው። የቲቸርን የእጅ ጽሑፍ ከሚጢጢ በቀር የሚያነበው የለም፤ ስለዚህ እሷ ደብተሩን ይዛ በዓይኗ ትከተላለች፤ እኔ ደግሞ የተተየበውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ልዩነት ካለ «ቁሚ» ትለኛለች። ሴቶቹ እያጠፉ ይሰማሉ፤ ከአንባቢው ሁሉ ቀድመው ስለሚሰሙም ይኮራሉ። የዚያን ሰሞን ሚጢጢ አንገቷ ላይ ሻሽ ጠምጥማ ነበር። «ጉንፋን ይዞኛል» ስትል ድምፅዋ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ይንቋቋል። ጉንፋን ነው ካለች ጉንፋን ነው ብዬ ወረቀቴን አነሳሁ።

ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ደረስን። ልጅቷ ከቤተ መንግሥቱ ልታመልጥ ስትል ንጉሡ ይይዛታል። ድምፄን ጎርነን አደረግኩት።

«‹ከኔ ወዴት ትሄጃለሽ?› አላት። ክንፉ መብራቱን ጋረደው። ግድግዳው ላይ አጣብቆ አንገቷን ያዘ።»

የሴቶቹ እጅ ቆመ። አንዷ «ወይኔ!» ብላ ደረቷን ያዘች። ቀጠልኩ።

«ጣቶቹ ጠበቁ። ጆሮዋ ውስጥ ፉጨት ጮኸ። አየር ፈለገች፤ አየር አልነበረም። የጎረቤት ሬዲዮ የአየር ሁኔታ ያወራል፤ ነገ ፀሐያማ ነው ይላል። ከዚያ ሸናች። እግሯ ላይ ሲወርድ ይሞቃል። ሰማያዊው ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ። ‹ይኸው፣ ምንጣፉንም አበላሸሽው› አላት። ሲለቃት በጉልበቷ ወደቀች። ጨርቅ አምጥታ...»

እዚህ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። እሳት የሚተፋ ተራራ አናት ላይ ሬዲዮ ምን ይሠራል? የንጉሥ ቤት ውስጥ ሰማያዊ ፕላስቲክ ምንጣፍ ምን ይሠራል? ያንን ምንጣፍ አውቀዋለሁ። ሲጋቡ ስጦታ ብዬ የገዛሁላቸው እኔ ነኝ፤ ከለሩን የመረጥኩትም እኔ ነኝ።

ሚጢጢን አየኋት። «ቁሚ» አላለችኝም። ደብተሩ ላይ አፍጥጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እዚህ እንዲህ አይልም» አለች። «‹ዓይኗን ጨፈነች፤ ሰውነቷ እንደ ሰም ቀለጠ› ነው የሚለው።»

«ታዲያ ይህን ማን ጻፈው?»

«እንጃ እትዬ። እኔ አልጻፍኩትም።» ጣቶቿን ዘርግታ የሌላ ሰው ጣት ይመስል አየቻቸው።

ተነስቼ ሻሿን ፈታሁት። የጣት ምልክት፤ በአንድ ወገን አራት፣ በሌላው ወገን አንድ። ጥቁር ነው፤ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። አውራ ጣቱ ካረፈበት ላይ ጥፍሩ ቆዳዋን ቀዶታል። የግራ ዓይኗ ነጩ ላይ ደም ቋጥሯል። ቅድም «ወይኔ» ያለችው ሴት አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ጮህኩ። ማንን እንደሰደብኩ አላስታውስም፤ እሱንም፣ ራሴንም፣ ያንን ክንፋምም ሳልሰድብ አልቀርም። የሙጫውን ባልዲ በእርግጫ ስለው ነጩ ሙጫ ወለሉን ሞላው፤ የጠረገው አልነበረም።

«ስንተኛ ጊዜው ነው?» አልኳት።

«ሲያንቀኝ አራተኛው ነው። በሦስተኛው ራሴን ስቼ ነበር፤ ስነቃ እግሬን ይዞ ሲያለቅስ አገኘሁት።»

«ዛሬ እዚያ ቤት አትገቢም! ሞቼ እገኛለሁ!»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊወስደኝ ይመጣል። ብትሄጂ የትም አገኝሻለሁ፣ በሚቀጥለው ከያዝኩሽ አልለቅም ብሎኛል።» ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ደብተር እንደምታነብ ነበር የነገረችኝ። እሷ ቃል አትነካም። በሚቀጥለው ከያዛት አይለቃትም፤ ያ ገባኝ።

ጋሼ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ማሽኑ ከቆመ ዓለም የቆመች ይመስለዋል። አንገቷን ሲያይ ዓይኑን አሸሸ። «በሉ ይቺን አንቀጽ እንደ ደብተሩ መልሷት፤ ለሌላው ደግሞ ሽማግሌ እንልካለን» አለ። «ሽማግሌህን ለራስህ!» አልኩት። «ቲቸር ይጠሩ። መጽሐፉ የሳቸው ነው።»

ቲቸር ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ቆመው አነበቡት። ይቆጣሉ፣ ደብተሬን አበላሻችሁ ይላሉ ብዬ ምላሴን ስዬ ጠብቄአቸው ነበር። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«ምንጣፉን ያስወለወለሽ ራስሽን ነው?» አሏት።

«አዎ፣ ቲቸር።»

«እኔን መስተዋቱን ነበር» አሉ። «ደሙ ከደረቀ አይለቅም፣ ቶሎ በይ ይለኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት።»

ከኔ በቀር ማን ይጠይቃል? «ታዲያ ቲቸር፣ ይህን እያወቁ እንዴት ያንን ክንፋም ሰጡን? እኔኮ ለእህቴ ባል የመረጥኩት በሱ ልክ ነው!»

ክፉኛ ነው የደነገጡት። መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔው አንድ ቀን አልተንበረከከም፣ ልጄ። ይቅርታ የሚል ቃል ሳይወጣው ሞተ። ስለዚህ ወረቀት ላይ አንበረከክሁት። ያን ሁሉ ክንፍና እሳት የሰጠሁት ሲወድቅ ከከፍታ እንዲወድቅልኝ ነው። በዓመት አንዴ ባንበረክከው ምን አለበት አልኩ። ሌላ ሴት ቤት ገብቶ ይህን ይሠራል ብዬ አላሰብኩም።»

ሁላችንም እሷን እንዴት እንደምናስመልጣት ስንማከር፣ አንዷ ዘመድ ቤት ስትል፣ ሌላዋ በጓሮ በር ትውጣ ስትል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ሰዓቱ ሞልቶ አንድ ደቂቃ አላሳለፈም፤ መጣ። ክንዱ ላይ የሚጢጢን ሹራብ አንጠልጥሏል። ብርድ እንዳይመታት ነው፤ እሱ እንዲህ ያለ አሳቢ ነው።

በሩ ላይ ቆምኩበት። «ዛሬ ከኔ ጋር ናት» አልኩት።

«ዞር በይ» አለ በለሆሳስ። መቼም ጮኾ አያውቅም።

ወረቀቱን አወጣሁና ፊቱ ላይ አነበብኩለት። ከፉጨቱ እስከ ምንጣፉ። ፊቱ ላይ አንዲት ነገር አልተለወጠችም። አንብቤ ስጨርስ ከትከሻዬ በላይ አይቶ «ሚጢጢ፣ ነይ» አላት። አልመጣችም። ያኔ መታኝ።

ጡጫው አፌ ላይ ነው ያረፈው። ጥርሴ ሲሰበር ድምፁን የሰማሁት በውስጤ ነው። ወደ ኋላ ተወርውሬ ጎኔ የመቁረጫ ማሽኑ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ትንፋሼ ጠፋ። ጋሼ «ኧረ ተው አንተ ሰው!» ብሎ ሲጠጋ በአንድ እጁ ወረቀት ክምር ላይ ዘረጋው። ሚጢጢን በፀጉሯ ያዛት። የጠረጴዛውን ጠርዝ አንቃ ስትይዝ ጠረጴዛው አብሯት ተጎተተ፤ ቀኑን ሙሉ ያጠፍነው ወረቀት ሙጫው ላይ ተበተነ። በቡጢ ጣቶቿን መታት። አንዴ፣ ሁለቴ። የምትተይብባቸው ጣቶች ናቸው! አልለቀቀችም። ዞሮ አንገቷን ያዘና ግድግዳው ላይ አጣበቃት፤ ያው እንደተጻፈው። እግሯ ከመሬት ተነሳ።

ቀድመው የተነሱት እማማ ዝምታ ናቸው። መጽሐፍ የምንጫንበትን ጣውላ አንስተው በሁለት እጃቸው ጀርባው ላይ አወረዱት። ከዚያ አራቱም ተነሱ። በጣውላ፣ በመዶሻ፣ በጫማ ሂል፤ የደረሰችው የደረሰችበትን። እኔ ደም እየተፋሁ እግሩን ጠምጥሜ ነከስኩት። አንዷን በክርኑ አፍንጫዋን ሰበራት፤ ቦታዋን ሌላዋ ያዘች። አምስት ሴቶች እንዲህ ሲቀጠቅጡ ያ በር ያነሳ ገላ ብረት አልነበረም። ሙጫው ላይ ተንሸራተተ፤ ሚጢጢን ለቀቀና ወደቀ። በሩ ላይ ከመንገድ የተሰበሰበ ሰው ሞልቶ ነበር። ሰዉን አየ። አየና ተንበረከከ።

ጉልበቱ ሙጫው ውስጥ ገባ። ተጎትቶ እግሯ ሥር ደረሰና ለቅሶውን ለቀቀው። «ያላንቺ እሞታለሁ! ስለምወድሽ ነው! ያሳበድሽኝ አንቺ ነሽ!» እንባው የውሸት አልነበረም፤ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ከበሩ አንዲት ሴት «ኧረ ይቅር በዪው! እንዲህ የሚወድ ወንድ ዛሬ ከየት ይገኛል?» አለች። ቲቸር ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። «ተንበረከከ» አሉ፤ ለኛ ሳይሆን ለራሳቸው። እኔስ? አፌ ደም ሞልቶ፣ ሁለት ጥርሴ ምላሴ ላይ እየተንከባለለ፣ እኔ ልሙት፣ አንጀቴን በላው። አሁንም። እያየሁት። ይህን ባልናገር ይሻለኝ ነበር፤ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ሚጢጢ ብቻ ፊቱን አላየችም። ወደ ታች ነበር የምታየው።

«እትዬ» አለች በዚያ በተቀደደ ድምፅዋ፣ «እጁን እዪ።»

አየሁ። ቁርጭምጭሚቷን ይዟል። ፊቱ ያለቅሳል፤ ጣቶቹ ግን እስኪነጡ ድረስ ጠብቀዋል። ከጣቶቹ በታች እግሯ ጠቁሯል።

«ሲያለቅስ ሁሌም እንዲህ ነው» አለች። «ተንበርክኮ ለቆኝ አያውቅም።»

እማማ ዝምታም አዩ። ቲቸርም አዩ። ሚጢጢ «ልቀቀኝ» አለችው። ለቅሶውን ቀጠለ። «ልቀቀኝ» አለችው ደግማ። «ይቅር ብዬሃለሁ ካላልሽኝ አልለቅም» አለና አጠበቀው፤ ከንፈሯን ስትነክስ አየኋት። ሦስተኛ አልጠየቀችውም። ከጠረጴዛው ጥግ የኔን ወስፌ አነሳች፤ የመጽሐፍ ጀርባ የምበሳበትን። ቸኩላ አይደለም፤ ጎንበስ ብላ፣ ቦታውን አይታ፣ እጁ ጀርባ ላይ በመሃል ጣቱና በቀለበት ጣቱ መካከል እስከ እጀታው ሰካችው። ጫፉ መዳፉን አልፎ የራሷን ቁርጭምጭሚት ወጋው። ጠባሳው ዛሬም አለ። እሷ ትንፍሽ አላለችም። የጮኸው እሱ ነው።

ለቀቃት።

ፖሊሶች መጥተው ሁለቱንም ይዘዋቸው ሄዱ። ሚጢጢ «ባሏን የወጋች» ተብላ ሦስት ቀን ታሰረች። ኋላ ፍርድ ቤት ዳኛዋ የሐኪሙን ወረቀትና ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ጎን ለጎን አድርገው አነበቧቸው። ሐኪሙ የአንገቷን ቁስል ጽፏል፤ ገጹ የቀረውን። አምስቱም ሴቶች መሰከሩ። እማማ ዝምታ ምስክርነት ሲሰጡ አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ ዳኛዋ በቃዎት እስኪሏቸው ድረስ። እሱ ሁለት ዓመት ተፈረደበት፤ እሷ ነፃ ወጣች። ጣቶቿ ድነዋል፤ ድምፅዋ ግን እንደተቀደደ ቀረ። አሁን ከኔ ጋር ናት። እሱም ባለፈው ወር በአመክሮ ተፈትቷል፤ መንገድ ማዶ ቆሞ አይቼዋለሁ። ቀኝ እጁ ሙሉ በሙሉ አይጨበጥም። ቢሆንም በራችን ላይ ሁለተኛ መቀርቀሪያ አሠርተናል፤ የበየደችው ሴት ናት፤ ፈልጌ ፈልጌ ነው ያገኘኋት።

አራተኛው ቅጽ ሦስት ወር ዘግይቶ ወጣ። ቲቸር ገጹን እንዳለ ተዉት። «ሬዲዮው ይውጣ ወይስ ይቆይ?» ብላ ሚጢጢ ስትጠይቃቸው «ቃል አትንኪ» አሏት። «ንጉሣችንን አበላሻችሁት» የሚል ደብዳቤ በጆንያ መጣ። «ምንጣፉ የኛም ቤት አለ» የሚልም መጣ፤ እሱ ጥቂት ነው፤ ግን ቲቸር ለይተው ያስቀመጡት እሱን ነው።

አሁን አምስተኛው ቅጽ ላይ ነን። ዛሬ ጠዋት መጨረሻው ላይ ደረስን። ሚጢጢ ደብተሩን ይዛለች፤ ሴቶቹ ያጥፋሉ፤ እኔ ሁለት ጥርስ አጉድዬ፣ በ«ሰ» ላይ እያፏጨሁ አነባለሁ። እውነቱን ልናገር ከጀመርኩ ልጨርሰው፤ ያንን ክንፋም አሁንም ትንሽ ይናፍቀኛል። ለሚጢጢ አልነገርኳትም።

«ንጉሡ በፊቷ ተንበረከከ» ብዬ አነበብኩ። «ክንፎቹ መሬት ላይ ተዘረጉ። እንባው በአመዱ ላይ ወረደ።»

የድሮው ጊዜ ቢሆን አፍንጫ መናፈጥ የምንጀምረው እዚህ ላይ ነው። እማማ ዝምታ የሚያጥፉትን ወረቀት አስቀመጡ።

«እጁስ?» አሉ። «እጁ የት ነው ያለው?»

አራቱም ሴቶች ማጠፋቸውን አቁመው ቀና አሉ። ሚጢጢ ጣቷን ደብተሩ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«ቆዩ እንጂ እማማ፣ እስካነበው» አልኩና ገጹን ገለጥኩ።